ሩጫን የተማርነው ከመጨረሻው ዙር ነው፦ ጎልማሳ ጀማሪዎችን የሚያሳስቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ያን ውድድር ያየ ሰው ሁሉ የሚተርከው የመጨረሻውን ዙር ነው። ከዚያ በፊት የተሮጡትን 24 ዙሮች ማንም አያነሣቸውም። እኔም በ41 ዓመቴ ሩጫ ልጀምር ብዬ ከቤቴ ስወጣ የሮጥኩት የመጨረሻውን ዙር ነበር። ሦስት መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። የግቢው ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ወንበራቸውን ለቀቁልኝና "ልጄ፣ ማን አሳደደህ?" ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሩጫ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። የሚበዛው ስሕተት ነው፤ ግማሹን ደግሞ እኔ ራሴ ለሌሎች አስተላልፌዋለሁ።

"ሩጫ ማለት መፍጠን ነው፤ መሃል ላይ መራመድ ሽንፈት ነው"

ጀማሪን ከሜዳ የሚያስወጣው ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ የወጣ ሰው አትሌቶቻችን ቀላል ልምምድ ሲሠሩ አይቶ ይሆናል። በባሕር ዛፎቹ መካከል አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ዝግ ብለው ይሄዳሉ። በውድድር ቀን አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰው ሰው፣ በዚያ ጫካ ውስጥ ያንኑ ርቀት ከ5 ደቂቃ በላይ የሚፈጅበት ቀን አለው። ድካም አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው። ቋንቋችንም ሶምሶማ የሚል ጥሩ ስም አለው። ችግሩ ሶምሶማን ለማሟሟቂያ ብቻ የተፈጠረ አድርገን መቁጠራችን ነው።

ፍጥነትህ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግህም። የእኛ ሰላምታ ይበቃል። "እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው? ቤተሰቡስ? እግዚአብሔር ይመስገን" ብለህ ትንፋሽህ ሳይቆራረጥ ከጨረስክ ልኩ እሱ ነው። "እንዴት አደሩ" ላይ ከተቋረጥክ ፈጥነሃል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። በዝግታ ሩጫ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ይህ ለውጥ በጥቂት ሳምንታት መታየት ይጀምራል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ወር ላይ፣ "አሁንማ ትንፋሼ ተስተካክሏል" ብሎ ሲለቀው ነው። እኔ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብዬ ጀመርኩ። ሳልቆም 30 ደቂቃ ለመሮጥ 11 ሳምንት ፈጅቶብኛል። ጎረቤቴ ያንኑ በአምስት ሳምንት ጨረሰና በስምንተኛው የቅልጥሙ አጥንት ታምሞ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ የሚጀምር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የፍጥነት ሠንጠረዦች አብዛኞቹ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠሩ ናቸው። ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እዚያ ማራቶን ይሮጣል፤ ለገና መጥቶ አብሮኝ ሲወጣ ግን በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለ ፖለቲካ ማውራቱን አቆመ። ይህን ከፍታው ካልሆነ ማንም አያደርገውም።

"አበበ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ ጫማ ቅንጦት ነው"

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። የተሰጠው ጫማ ለእግሩ አልመች ስላለው፣ በባዶ እግሩም ልምምድ ይሠራ ስለነበር የወሰነው ነው። የዚያ ውሳኔ ባለቤት በገጠር ያደገና ውስጥ እግሩ የጠነከረ ሰው ነበር። ታሪኩን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች ቀጣዩን ምዕራፍ ይተዉታል፦ በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለቱም በየጊዜያቸው የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ፤ ፈጣኑ የጫማው ነው። ሃያ ዓመት ቢሮ ውስጥ በቆዳ ጫማ የኖረ እግር አስፋልት ላይ በባዶው ቢወጣ አበበን አይሆንም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ የሻምፒዮኖቹን ውድ ጫማ ካልገዛሁ አልጀምርም ማለት። እነዚያ ወፍራም ሶል ያላቸው ጫማዎች ለውድድር ቀን የተሠሩ ናቸው። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ከአውራ ጣቱ ፊት የጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ያለው፣ ተረከዙን የማያላቅቅ ጫማ ነው። ከሰዓት በኋላ ለካ፤ እግር በቀን ውስጥ ያብጣል። ሰልባጅ የምትገዛ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣትህ ተጫነው። የደረቀና የማይመለስ ከሆነ ላዩ ምንም ያህል ቢያበራ ተወው።

"ላብ ሲወጣ ስብ ይቀልጣል"

መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በጠራራ ፀሐይ ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላይ ጃኬት ደርቦ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁልጊዜ አለ። ከልምምዱ በኋላ ሚዛን ላይ ቢወጣ በእርግጥ ቀንሶ ያገኘዋል። የቀነሰው ግን ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው። ላስቲኩ ላቡ እንዳይተን ስለሚከለክል ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ደግሞ አደገኛ ነው። ሒሳቡን ማወቅ ለሚፈልግ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው ወደ 350 ካሎሪ ነው። ሁለት ጠርሙስ ቢራ አብዛኛውን መልሶ ያስገባዋል። ለመክሳት ብቻ ብሎ የሚሮጥ ሰው ቶሎ የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል።

"በላብህ ላይ ብርድ ከመታህ ምች ይይዝሃል"

ይህ የእናቴ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። የሳንባ ምች በባክቴሪያና በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የጠዋት አየር አይፈጥረውም። ነገር ግን ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ምች ስንል፣ ያ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ኃይለኛ ፀሐይ ነው። በእኛ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ይበረታል። "ፀሐይ ላይ አትሩጥ" ያለችኝ እናት እንግዲህ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበረች። የረጠበ ካናቴራ ወዲያው መቀየርም ተገቢ ነው፤ እርጥብ ልብስ ሰውነትን በፍጥነት ያቀዘቅዛል። በዳማከሴው ጉዳይ ክርክር አልገጥምም፤ ሽታውን እወደዋለሁ።

"ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል"

በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ አለ። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የታየው ለጤናቸው ብለው ከሚሮጡት 3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት ወደ 10 በመቶው፣ በውድድር ደረጃ ከሚሮጡት ደግሞ ወደ 13 በመቶው ላይ ነበር። ቁጥሩን እንዳለ መዋጥ አይገባም፤ ጉልበቱ የታመመ ሰው ሩጫ ስለሚተው ከሯጮቹ ጎራ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መጠነኛ ሩጫ ጤነኛ ጉልበት ይበላል የሚለውን አይደግፍም።

ሲያም ወደ ወጌሻ መሮጥም ልማዳችን ነው። ለተጨናነቀ ባት ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ የሚሰጠውን እፎይታ አልክድም። ነገር ግን ሕመሙ አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ከሆነ፣ ስትሮጥ እየባሰ ከሄደና ስትተኛም ካልለቀቀህ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አታሳሸው። ሩጫውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

"በጾም አይሮጥም"

ከአትሌቶቻችን ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ ይሮጣሉም። ጤነኛ ሰው ጡንቻውና ጉበቱ ውስጥ የሚያከማቸው ስንቅ ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ይተርፋል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ለማይቀምስ ሰው ከማስፈሰኩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በኋላ መሮጥ ይሻላል፤ በረመዳንም እንዲሁ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ግን ሐኪሙን ሳያነጋግር አይሞክረው።

ትኩረት የሚያሻው የሆድ ባዶነት ሳይሆን ብረትና ቫይታሚን ቢ12 ነው። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ጾም የሚያበዛና የሚሮጥ ሰው፣ በተለይ ሴት፣ ድካሙ ካልለቀቀው ደሙን ቢያስመረምር ጥሩ ነው። ምስርና ጤፍ ብረት አላቸው። ከላይ ወዲያው የምንጠጣው ቡና ወይም ሻይ ግን ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሰዋል። ቡናውን አንድ ሰዓት አዘግየው፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቅበት። ይህን ምክር ለባለቤቴ ስነግራት ቡና ልታፈላ ረከቦት እያዘጋጀች ነበር፤ ጊዜው አልነበረም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በማግስቱ የሚሰማህ የጡንቻ ሕመም "የተጠራቀመ አሲድ" አይደለም፤ ያ ከሩጫ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይጠራል፣ ሕመሙ የሚመጣው በጡንቻው ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ከሩጫ በፊት ቆሞ ማሳሳብ ጉዳት መከላከሉ አልተረጋገጠም፤ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይሻላል። ውኃም ሲበዛ ይጎዳል፦ በ2002 የቦስተን ማራቶን ጨርሰው ደማቸው ከተመረመረው ሯጮች 13 በመቶው የጨው መጠናቸው ከልክ በታች ወርዶ ነበር፤ በብዛት የጠጡት ናቸው የተጋለጡት። ሲጠማህ ጠጣ።

"ከሠላሳ በኋላ ሩጫ አይጀመርም"

ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ማሞ ወልዴን ይጠቅሳሉ፤ በ36 ዓመቱ ሜክሲኮ ላይ ወርቅ፣ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ። ደራርቱ ቱሉ የኒውዮርክን ማራቶን በ37 ዓመቷ አሸነፈች፤ ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ። የሚያኮራ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው የሮጡ ናቸው። ለጀማሪ የሚጠቅመው እውነት ሌላ ነው፦ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከዕድሜ ጋር ቢቀንስም በልምምድ መሻሻሉ በማንኛውም ዕድሜ አይቆምም፤ ምንም ያልሠራ ሰው ደግሞ የሚያሻሽለው ብዙ ነው። በዕድሜ የሚቀየረው ማገገሚያው ነው። እኔ በሁለት ሩጫ መካከል አንድ ቀን ካላረፍኩ ሦስተኛው ላይ እከፍላለሁ። የደም ግፊት ያለበት ወይም ሲደክም ደረቱን የሚያፍነው ሰው አስቀድሞ ይመርመር።

"ቁም ነገረኛ ሯጭ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል"

አትሌቶች ሌሊት የሚነሡት የቀኑን ፀሐይና የመኪና ጭስ ለመቅደም፣ ከሰዓት ሁለተኛ ልምምድ ለመሥራትም ነው። ለእኛ ማምሻም ይሆናል። በጨለማ የሚወጣ ደማቅ ልብስ ይልበስ፤ እንጦጦ በኩል ጅብ ስላለ ብቻውን አይሂድ። እኔ ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ በሰፈራችን ኮሮኮንች እወጣለሁ። ከሰፈሩ ሦስት ውሾች ሁለቱ አሁን አይጮሁብኝም። ሦስተኛው ገና አላመነኝም።