«ዶፒህን መሬት አስቀምጠህ አስብ»

ኡዝቤኮች ነገር ሲከብድ እንዲህ ይላሉ። ቤቱን ለመሸጥ የቸኮለ፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ፣ ሥራውን ጥሎ ሊወጣ ያኮበኮበ ሰው ይህን ይባላል። ረጋ በል፣ ራስህን ሳትሸነግል አውጣ አውርድ ማለት ነው።

ዶፒ ቆብ ነው። በእኛ ቋንቋ «ቆቡን ጣለ» የሚባለው ምንኩስናውን የተወ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ቆቡ የሚወርደው ለሐሳብ ነው።

ግን ለምን መሬት ላይ? ቆቡን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ስሙ የገነነው በኡዝቤኪስታን ፈርጋና ሸለቆ፣ በናማንጋን ክልል ያለችው የቹስት ከተማ የምትሠራው ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ይጠለፋል። ቅርጹ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሲያወልቁት እጥፍ ብሎ ይቀመጣል። አናቱ ላይ አራት ቃሪያዎች አሉ። ቃሪያ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ክፉ ዓይን አይደፍረውም። (እኛ ሰፈር በርበሬ የሚታጠነው ላጠፋ ልጅ ነበር፤ እነሱ ቢያንስ ለጠላት አዋሉት።) ቃሪያ ሳይሆን ለውዝ ነው የሚሉም አሉ። ለውዝ ስል ኦቾሎኒውን አይደለም፣ የዛፉን ነው። ያኔ ትርጉሙ ወደ ሕይወትና ወደ መራባት ይዞራል። ከሥር ዙሪያውን 16 ቅስቶች ተደርድረዋል፣ በየጎኑ አራት አራት። አንዱ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣን ክፉ የሚያግዱ በሮች ናቸው ይላል፤ ሌላው ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ነው ይላል። እኔ ለበሮቹ አደላለሁ፣ ከቃሪያው ጋር ይሄዳሉ።

እንግዲህ አባባሉን እኔ የምረዳው በዚህ በኩል ነው። ዶፒውን ስታወርድ ቃሪያውም በሩም አብሮ ወረደ። ሰው ፊት የምትቆምበት ክብርም እንዲሁ። የቀረኸው አንተና ጭንቅላትህ ናችሁ። መመካኛ የለም።

ዶፒ በሌላም አባባል ይገባል። የጨነቀው ሰው «ዶፒው ጠበበው» ይባላል። በጣም የተደሰተ ደግሞ ዶፒውን ወደ ሰማይ ይወረውራል። እ.ኤ.አ. ጁን 2025 ላይ ብሔራዊ ቡድናቸው አቡ ዳቢ ውስጥ ከኤምሬትስ ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈ። ጎል የለም፣ ግን ዶፒ የሚያስወረውር ቀን ነበር።