የጥቁር አሜሪካውያን ዘር ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እዚህ አሜሪካ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተጋብተን የወለድን አበሾች ልጆቻችን አንድ ቀን መጠየቃቸው አይቀርም፣ በእማዬ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል በአባዬ በኩልስ ይላሉ። ያኔ «እነሱማ ባሪያ ስለነበሩ የተጻፈ ነገር የላቸውም» ብሎ ዝም ማሰኘት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ እውነት አይደለማ! ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ከ1870 በፊት ምንም አይገኝም»

ይሄ ከሴንሰስ (ከሕዝብ ቆጠራው) ነው የመጣው። ሴንሰስ በየ10 ዓመቱ ነው፣ እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር፣ በ1850 ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ፣ በባርነት የተያዙት ግን በ1850ም በ1860ም ለብቻቸው በሌላ ቅጽ ላይ በባለቤት ነኝ ባዩ ስም ሥር ዕድሜና ፆታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው የተጻፈላቸው፣ ስም የለም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ በሴንሰስ ላይ በስማቸው የታዩት በ1870 ነው። ግን ሴንሰስ ብቻ አይደለም ወረቀት ማለት። ባለቤቱ ሲሞት ንብረቱ በካውንቲው ፍርድ ቤት ሲቆጠር ሰዎቹም ከበሬና ከማረሻ ጋር በስማቸው ከነዋጋቸው ተጽፈዋል፣ ማንበቡ ያማል፣ ግን አንዳንዴ እናት ከነልጇ አንድ መስመር ላይ ትገኛለች። ከባርነት ነፃ የወጡትን ይረዳ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፍሪድመንስ ቢሮ (1865-1872)፣ የሥራ ውልና የጋብቻ መዝገብ አለ፣ ነፃ የወጡት ገንዘብ ያስቀምጡበት የነበረውና በ1874 የተዘጋው የፍሪድማንስ ባንክ ደግሞ ደብተር ለሚከፍተው ሰው የእናቱን የአባቱን የወንድም የእህቱን ስም ይጠይቅ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የወታደሮቹን የጡረታ ፋይል ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ 179,000 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች በሰሜኑ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ጡረታ ስትጠይቅ በባርነት ዘመን ያገባች ከሆነ የጋብቻ ወረቀት የላትም፣ ስለዚህ ሰርጉን ያየ ጎረቤት፣ ልጁን ያዋለደች አሮጊት፣ አብሮት የተዋጋ ጓደኛ እየመጣ ይመሰክርላታል፣ የት እርሻ ላይ እንደነበሩ፣ የማን እንደነበሩ፣ የትኛው ልጅ መቼ እንደሞተ ሁሉ ከነሱ አፍ ተጽፎ ይገኛል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ማውጫ ካርዱ ብቻ ነው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ፋይሉን ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማስወጣት ነው።

«ላስት ኔሙ የመጨረሻው ጌታው ስም ነው»

አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን ጌታ ስም የያዘ አለ፣ የአባቱን የያዘ አለ፣ ራሱ የመረጠ አለ፣ ወንድማማቾች ሆነው ላስት ኔማቸው የተለያየ አለ፣ በአንድ ስም ዘምቶ በሌላ ስም የኖረ ወታደርም አለ (ፋይሉ ሁለቱንም ስም ይዞ ይገኛል)። በስሙ ብቻ ተመርታችሁ ባሪያ አሳዳሪውን ከፈለጋችሁ የሌላ ሰው ቤተሰብ ውስጥ ገብታችሁ ትቀራላችሁ።

«አንድ ቤት የተጻፉት ሁሉ ወላጅና ልጅ ናቸው»

በሴንሰሱ ላይ ዝምድናን የሚጠይቀው ዓምድ የመጣው በ1880 ነው። በ1870 አንድ ቤት ያለ ልጅ የእህት ልጅ ወይ ያሳደጉት ሊሆን ይችላል። ዕድሜም ቢሆን ግምት ነው፣ በ10 ዓመት ውስጥ 6 ዓመት ብቻ ያረጀ ሰው ብታዩ እንዳትደነግጡ። የ1890ው ሴንሰስ ደግሞ ከ1921ዱ ቃጠሎ በኋላ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ፈልጋችሁ ብታጡት ጥፋቱ የናንተ አይደለም።

«አንሴስትሪ ላይ የዘር ሐረጉ ተሠርቶ አለ፣ ኮፒ ማድረግ ነው»

አንሴስትሪ ሰው ሁሉ የራሱን የዘር ሐረግ የሚያስገባበት ድረ ገጽ ነው፣ እባካችሁ ተዉት! አንዱ የገመተውን ሌላው ኮፒ እያደረገ ስህተት እውነት መስሎ ይቀጥላል። ዲኤንኤም ዘመድ ያገናኛል እንጂ የቅድመ አያትን ስም አይነግርም።

«በርዝ ሰርቲፊኬቱን ነው መጠየቅ»

ለምሳሌ ሳውዝ ካሮላይና በስቴት ደረጃ ልደት መመዝገብ የጀመረችው በ1915 ነው። ስለዚህ በ1860ዎቹ ተወልዶ በ1920ዎቹ የሞተ ሰው ከሆነ የሞት ሰርቲፊኬቱን ጠይቁ፣ የእናትና የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ ከዚያ ደግሞ መረጃውን ማን እንደሰጠ እዩ፣ ሚስቱ ወይስ ልጁ ወይስ የሆስፒታል ሰው፣ ምክንያቱም የልጅ ልጁ የአያቱን እናት ስም አሳስቶ ተናግሮ ሊሆን ይችላል።