በአሮጌ እንጨት ማበብ ምንድን ነው?

ሃይድሬንጃ የሚባለው የአበባ ቁጥቋጦ ለምልሟል፣ ቅጠሉ ጤነኛ ነው፣ አበባ ግን የለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮዎች ይህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ማዳበሪያ ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ግን አበባውን ያስቀረው በማርች የገባው መቀስ ነው። (እዚህ ክረምት የምንለው የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለውን ብርድ ነው፤ በጋም ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሙቀት ነው።)

«አሮጌ እንጨት» ማለት ያረጀ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት አድጎ ብርዱን ያሳለፈ ሕያው ቅርንጫፍ ነው። ፎርሲቲያ፣ ላይላክና አዜሊያ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች እንዲሁም ትልልቅ ክብ አበባ ያለው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሃይድሬንጃ የዘንድሮውን አበባ እምቡጥ የቋጠሩት ባለፈው በጋና መጸው ነው። በፌብሩዋሪ እርቃኑን የቆመው ቅርንጫፍ አበባውን ይዞ ነው የሚጠብቀው፤ ጫፉ ከተቆረጠ የዚያ ዓመት አበባ አብሮ ሄደ። ላይላክን ጠጋ ብሎ ላየው በዓይን ይለያል፦ ጫፍ ላይ ጥንድ ሆነው የወፈሩት የአበባ እምቡጦች ሲሆኑ፣ ዝቅ ብለው ያሉት ቀጫጭኖች የቅጠል ናቸው።

«አዲስ እንጨት» ደግሞ በዚያው ጸደይ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ነው። በተርፍላይ ቡሽ፣ ክሬፕ ማርትል፣ አበባው ሾጠጥ ያለው ሃይድሬንጃ፣ አናቤል የሚባለው ነጭ ሃይድሬንጃና ደጋግመው የሚያብቡት ጽጌረዳዎች የሚያብቡት በዚህኛው ላይ ነው። የክረምት መጨረሻ መቀስ የሚጠቅመው እነዚህን ነው።

ቡና የሚያለማ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ቡናም አበባውን የሚያወጣው ባለፈው ወቅት ባደገው የጎን ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ከተጎነደለ በኋላ አዲሱ ቡቃያ ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ዓመት ገደማ ይጠበቃል።

በዲሲ አካባቢ ለአዲስ እንጨት አብቃዮቹ ትክክለኛው ጊዜ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ነው፤ ቀኑን ካልያዙት የፎርሲቲያ ቢጫ አበባ መፈንዳት ጥሩ ምልክት ነው። በተርፍላይ ቡሽ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል። አናቤልም ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ እስከ መሬት ከተላጨ አዲሱ ግንድ ቀጥኖ ከዝናብ በኋላ በአበባው ክብደት ይተኛል። ጽጌረዳ ላይ መጀመሪያ የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወጣል። ቀሪው ወደ ውጭ ከሚያይ እምቡጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል። የግንዱ መሃል ቡናማ ከሆነ ገና ሙት ነው፤ ነጭ እስኪታይ ዝቅ እያሉ መቁረጥ ነው። መቀሱ ስለታም ይሁን፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲዛወርም በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብቡ ተንጠላጣይ ጽጌረዳዎች ግን የአሮጌ እንጨት ወገን ናቸው፤ በዚህ ጊዜ አይነኩ።

ክሬፕ ማርትልን በየዓመቱ አናቱን መጎንደል የተለመደ ቢሆንም ለማበብ አያስፈልገውም። የተቆረጠው ቦታ እንደ ጡጫ ያብጣል፣ ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን ቀንበጦችም አበባቸውን መሸከም ያቅታቸዋል። ዛፉ ከቦታው በላይ ከሆነ ያለው መፍትሔ በቁመቱ አነስተኛ የሆነ ዝርያ መትከል ነው።

አሮጌ እንጨት ላይ የሚያብቡት የሚከረከሙት አበባቸው እንደረገፈ ነው፤ ላይላክ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ፣ አዜሊያ ደግሞ ሳይዘገይ እስከ ጁን መጨረሻ። ያረጀና የተጨናነቀ ቁጥቋጦ ካለ በየዓመቱ ከግንዶቹ ሲሶ ያህሉን፣ በጣም ወፋፍራሞቹን፣ ከሥር መቁረጥ በሦስት ዓመት ያድሰዋል።

ስሙ ለማይታወቅ ቁጥቋጦ አንድ ዓመት ሳይነኩ ማየት ይበቃል፦ ከሜይ መጨረሻ በፊት ካበበ አሮጌ እንጨት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ በአብዛኛው አዲስ እንጨት ነው። ክብ አበባው ሃይድሬንጃ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ በጁን ያብባል፣ ግን የአሮጌ እንጨት ነው። እሱ ሳይቆረጥም አበባ ቢከለክል ግንዱን ይመልከቱ። ግንዱ ደርቆ ቅጠል ከሥር ብቻ ከወጣ የክረምት ብርድ ወይም የኤፕሪል ውርጭ እምቡጡን ገድሎታል። ግንዱ ሕያው ሆኖ ጫፎቹ ከተበጠሱ የአጋዘን ሥራ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ጥላው በዝቶበት ወይም የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጅን ወደ ሥሩ ገብቶ ኃይሉን ሁሉ ወደ ቅጠል ወስዶት ይሆናል።

በፌብሩዋሪ መቀስ ለማንሳት እጅ ከበላ፣ ከፎርሲቲያ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ጥቂት ቅርንጫፎች ቆርጦ ቤት ውስጥ ውኃ ውስጥ ማቆም ይቻላል። ውኃው በየሁለት ሦስት ቀኑ ከተቀየረ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባሉ።