ፒተር ስተርሊንግ፦ ከ7 ቁጥር ማሊያ ወደ ማይክሮፎን

በ1960 የተወለደው አውስትራሊያዊው ፒተር ስተርሊንግ በራግቢ ሊግ ተጫዋችነቱም በቴሌቪዥን ተንታኝነቱም ስሙ የገነነ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከሲድኒው ክለብ ፓራማታ ጋር በ1981፣ 1982፣ 1983 እና 1986 ዋንጫ አንስቷል። የ1986ቱ ፍጻሜ አንድም ትራይ (ኳስን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሻግሮ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ሳይቆጠርበት ካንተርበሪ ላይ በ4 ለ 2 ድል ያለቀ ሲሆን፣ የዕለቱ ኮከብ እሱ ተባለና ያኔ መሰጠት የጀመረውን የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያ ወሰደ።

ቦታው 7 ቁጥር የሚለብሰው የጨዋታ መሪ፣ ሃፍባክ ነበር። ኳስ የያዘ ቡድን 6 ጊዜ ተይዞ ከወደቀ (እያንዳንዱ ታክል ይባላል) ኳሱን ያስረክባል፤ በስንተኛው ታክል ላይ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ኳሱ መቼ በእግር እንደሚመታ በአብዛኛው የሚወስነው ሃፍባኩ ነው። ስለዚህ ዓይኑ የለመደው ከኳሱ ርቀው የቆሙትን ማየት ነው፤ ለተንታኝ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

በ1992 የትከሻ ጉዳት ጫማውን አሰቀለው። ወደ ናይን ቴሌቪዥን ገባ፤ በ1994 በተጀመረው፣ ቀልድ በሚበዛበት ዘ ፉቲ ሾው ከሌላው የቀድሞ ተጫዋች ከፖል ቮታን ጋር ሠራ። ጣቢያውን የተሰናበተው በ2021 የውድድር ዘመን ማብቂያ ነው።

ጫማ በሰቀለ ማግስት፣ በ1993፣ ተከላካዮች ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ ከ5 ሜትር ይልቅ 10 ሜትር እንዲያፈገፍጉ ተደነገገ። አጥቂው ተጨማሪ ሜዳ አገኘ፣ ተከላካዩ በየታክሉ ብዙ መሮጥ ግድ ሆነበት። ስተርሊንግ እንግዲህ የተነተነው ራሱ ያልተጫወተበትን ሕግ ነው። ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው፤ «በእኛ ጊዜ» እያሉ የድሮውን ጨዋታ ያስረዳሉ።

በቀጥታ ስርጭት ሥራው የተከፈለ ነው። ዋናው አስተላላፊ የተጫዋቹን ስምና የታክሉን ቁጥር ይጠራል። የተንታኙ ድርሻ ተጫዋቹ ወድቆ ተነስቶ ኳሱን በእግሩ ወደኋላ እስኪያንከባልል ያለችው የ3 ወይም 4 ሰከንድ ክፍተት ናት፤ ከአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አትይዝም። ሰፋ ያለ ጊዜ የሚገኘው ከትራይ በኋላ፣ 2 ነጥብ የምታስገኘው ምት እስክትመታ ነው። ያኔ በድጋሚ ምስሉ ማን እንዳገባ መናገር ትርፍ ነው፣ ተመልካቹ አይቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ታክል ዘግይቶ የተነሳውንና መስመሩን ያጎደለውን ተከላካይ ግን ተንታኙ ካላሳየው ማንም ልብ አይለውም።