ኢንተር ክለብ ሊግ፦ የብሪታንያ ግላይደር ክለቦች የወዳጅነት ውድድር

ኢንተር ክለብ ሊግ በብሪታንያ ጎረቤት የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ክለቦች በሞቃታማዎቹ ወራት፣ ቅዳሜና እሁድ እየተገናኙ የሚያካሂዱት የአገር አቋራጭ በረራ ውድድር ነው። አብራሪዎቹ በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛና “ፐንዲት” የሚባሉት አንጋፋዎች። የሦስቱም ነጥብ ለክለቡ ይደመራል። ስለዚህ ገና ከሜዳው ርቆ መሄድ የሚፈራው ወጣት ከአንጋፋው እኩል ይፈለጋል። የሊጉ ትልቁ ቁም ነገርም ይሄ ነው።

ስፖርቱ እንግሊዝ ውስጥ በደንብ የታየው በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነው። ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ የ1,000 ፓውንድ ሽልማት አቅርቦ፣ ሰሴክስ ውስጥ ኢትፎርድ ኮረብታ ላይ ውድድር ተደረገ። ፈረንሳዊው አሌክሲስ ማኔይሮል ከ3 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆይቶ ገንዘቡን ወሰደ። ከዚያ በፊት በ1909 አምበርሊ ላይ ጎርደን ኢንግላንድ ነፋስ እየተጠቀመ ከፍ ብሎ በሯል የሚሉ አሉ። የብሪታንያ ግላይዲንግ ማኅበር የተመሠረተው በ1929 ነው። በ1952 ፊሊፕ ዊልስ ስፔን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የውድድር ቀን ጠዋት የሚጀምረው ግላይደሩን ከተሳቢው አውጥቶ ክንፉን በመግጠም ነው። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ቀጥሎ ሁሉም ተሰብስቦ የአየር ጠባዩንና የዕለቱን መስመር ይሰማል። መስመሩ በተመረጡ ምልክቶች ዞሮ ወደ ሜዳው የሚመልስ ነው። ለጀማሪው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለፐንዲቱ ደግሞ 300 ሊሆን ይችላል። በደቡብ እንግሊዝ የለንደን ኤርፖርቶች የተከለከለ የአየር ክልል ራስ ምታት ነው። ሳይፈቀድለት የገባ ይቀጣል።

ግላይደሩ በዊንች (መሬት ላይ ሆኖ ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ ሞተር) ወይም በጎታች አውሮፕላን ይነሳል። በአውሮፕላን ከተጎተተ ብዙ ጊዜ 2,000 ጫማ ላይ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት የፀሐይ ነው። መሬት እኩል አይሞቅም። ቶሎ ከሚሞቀው ቦታ የሞቀ አየር ይነሳል፤ ይህን አየር ቴርማል ይሉታል። አብራሪው ክንፉን እንደማያርገበግብ አሞራ ውስጡ እየዞረ ይወጣል። መውጣትና መውረዱን ቫሪዮሜትር የተባለው መሣሪያ በድምፅ ይነግረዋል። ከላይ ያለው ነጭ የተከመረ ደመናም ቴርማሉ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ከፍታ ከተያዘ በኋላ ጉዞ ነው። 40 ለ 1 የሚንሸራተት ግላይደር በረጋ አየር ከ1,000 ሜትር ከፍታ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በምን ፍጥነት ይሂድ? ለዚህ በ1956 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊ ፖል ማክሪዲ መልስ አለው፦ የሚቀጥለው ቴርማል ጠንካራ ይሆናል ብለህ ከጠበቅህ ፍጠን፤ ደካማ ከሆነ ቀስ በል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከፊት ያለው ሰማይ በከፍተኛ ደመና ተሸፍኖ ፀሐይዋ ስትጠፋ ግን ጨዋታው ወደ መትረፍ ይለወጣል።

አንዳንዱ አይተርፍም፤ ማለትም እርሻ ላይ ያርፋል። ነውር የለውም። እስከዚያ ለሄደው ርቀት ነጥብ ይሰጠዋል። ዋናው ነገር ቀድሞ መወሰን ነው። ሜዳው ይበቃል ወይ? ተዳፋት ነው? ሰብሉ ረጅም ነው? ከብት አለበት? የኤሌክትሪክ ሽቦስ? ሰብል ከታጨደ በኋላ ያለው ገለባማ መሬት ተመራጭ ነው። በሰኔ ግን ሰብሉ ቆሞ ስለሚገኝ ምርጫው ይጠባል። አብራሪው ካረፈ በኋላ ይደውላል፣ ባለ እርሻውን ፈልጎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ጓደኞቹ ተሳቢውን በመኪና እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ክንፉ ተነቅሎ ይጫናል። በልማዱ የዚያን ምሽት እራት ከፋዩ እርሻ ላይ ያረፈው ነው።

ድሮ ምልክቶቹን መዞር የሚረጋገጠው በፎቶግራፍ ነበር። አሁን የጂፒኤስ መቅጃ ፋይል ይበቃል። ግላይደሮቹ እኩል ስላልሆኑ ውጤቱ በየሞዴሉ ይስተካከላል። አሮጌ ግላይደር ያለውም አዲሱን ሊያሸንፍ ይችላል። ማስተካከያው ለደካማ ቀን አይሠራም የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነፋስ በበዛበት ቀን ቀርፋፋው ይጎዳል።

ዝናብ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሲበላም ያጋጥማል። የየአካባቢው ሊግ አሸናፊ ክለቦች በመጨረሻ ለፍጻሜ ይገናኛሉ።