በስኮትላንድ ፕሪሚየርሺፕ ብዙ ነጥብ ያለው ክለብ ለምን ከታች ይቀመጣል?

የስኮትላንድ ፕሪሚየርሺፕን የመጨረሻ ሰንጠረዥ ያዩ ወዳጆች «ስህተት አለበት» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁ ደንቡን ባጭሩ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ይህ የስኮትላንድ ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ 12 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ 11 ክለቦች ጋር ሦስት ሦስት ጊዜ ተጫውቶ 33 ጨዋታ ሲሞላ ሰንጠረዡ ለሁለት ይከፈልና ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያሉት እርስ በርስ፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ያሉትም እንዲሁ እርስ በርስ ቀሪዎቹን 5 ጨዋታዎች ያደርጋሉ። የተሰበሰበ ነጥብ አይሰረዝም፤ ሆኖም ከክፍፍሉ በኋላ የታችኛው ምድብ ክለብ የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ከ7ኛ በላይ አይወጣም፣ የላይኛውም የቱንም ያህል ቢሸነፍ ከ6ኛ በታች አይወርድም።

በ2022/23 የውድድር ዘመን ሴንት ሚረን በ46 ነጥብ 6ኛ፣ ማዘርዌል ደግሞ በ50 ነጥብ 7ኛ ሆነው ጨርሰዋል። በእኔ እምነት ይህ ፍርደ ገምድልነት አይደለም፤ ሴንት ሚረን በማብቂያው ሳምንታት እነ ሴልቲክንና ሬንጀርስን ሲገጥም ማዘርዌል የተጫወተው ላለመውረድ ከሚታገሉት ጋር ነበርና የሁለቱን ነጥብ በአንድ ሚዛን ማየት አይቻልም።

እስካሁን የተባለው ከ2000/01 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ነው። ከዓመት ዓመት የሚለያየው ለአውሮፓ ውድድሮች የሚያበቃው ደረጃ ነው፤ ይህም ከሊጉ ተለይቶ የሚካሄደውን የስኮትላንድ ዋንጫ ማን እንዳነሳና አገሪቱ በዩኤፋ (የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር) የአገሮች ደረጃ የት እንዳለች ታይቶ ይወሰናል። በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚደረጉ ጨዋታዎችም 19 በ19 እንዲሆኑ ይታሰባል እንጂ ሁልጊዜ እኩል አይመጡም።