የድሮ መኪና ማስታወቂያ፦ ፍለጋውና አያያዙ

የድሮ መኪና ብረት ነው። ቢዝግ ይጠገናል፣ ቀለሙ ቢለቅ ይቀባል። ማስታወቂያው ግን ወረቀት ነው፤ ያውም አንድ ሰሞን ተነቦ እንዲጣል የታተመ። ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ከመጣል የተረፈውን ነው፦ የመጽሔት ገጽ፣ የሻጭ ብሮሹር፣ የግድግዳ ፖስተር፣ ከመኪናው ጋር የሚሰጥ መመሪያ። ከወረቀት ውጭ የኢናሜል ሰሌዳ፣ የዘይት ጣሳ፣ የቁልፍ መያዣና የመኪና አፍንጫ ላይ የሚቆሙ ምስሎች አሉ። ከምስሎቹ ስመ ጥሯ ቻርልስ ሳይክስ የቀረጻት የሮልስ ሮይስ ሴት ናት። መኪናው ላይ የወጣችው በ1911 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

እነዚህ ወረቀቶች የሰውን ምኞት በደንብ ይናገራሉ። ካዲላክ በ1915 ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ያወጣው ዝነኛ ማስታወቂያ የመኪና ሥዕል የለውም። ጽሑፉም ስለ መኪና ሳይሆን፣ ቀዳሚ የሆነ ሰው ስለሚደርስበት ቅናት ነው የሚያወራው። የ1959ኙ የቮልስዋገን ማስታወቂያ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ገጹ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ከላይ በግራ በኩል ቢትል የምትባለው የቮልስዋገን መኪና ትንሽዬ ሆና አለች፣ ከታች ጥቂት ጽሑፍ፣ በቃ። ትልልቅ መኪና በሚወደድበት አገር በአሜሪካ፣ ትንሽነቷን ሳትደብቅ ቀረበች። ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለው ግን ወረቀቱ ቢጫ መሆን ሲጀምር ወዲያው ያስታውቃል።

ለፍለጋው የተዘጉ የመኪና መሸጫዎች መጋዘን፣ የውርስ ዕቃ ሽያጭና የኢንተርኔት ጨረታ ጥሩ ናቸው። ትልልቅ ገበያዎችም አሉ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚካሄደው የኸርሺ ገበያ በ1955 ተጀመረ፤ የእንግሊዙ ቦሊዩ በ1967። መግዛት ሳይሆን ማየትና ማመሳከር ለሚፈልግ፣ የዲትሮይት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የአውቶሞቢል ታሪክ ክምችት አለው።

ከመግዛት በፊት አጉሊ መነጽር መያዝ ነው። የጥንቱ ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ ላይ የታተመ) ፖስተር ቀለሙ የተዘበራረቀ ቅንጣት አለው። በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ ፖስተሩ በኋላ ከፎቶ የተባዛ ሊሆን ይችላል። የመጽሔት ገጽ ሲሆን ደግሞ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይበጃል። እውነተኛ ገጽ ጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ቅጣይ ወይም ሌላ ማስታወቂያ ይኖረዋል። ባዶ ጀርባ ያጠራጥራል። ሙሉውን መጽሔት ያገኘ ሰው ደግሞ እባክህ አትገንጥለው! ገጹ ከወጣ፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ገጽ አጠገብ እንደታተመ የሚመሰክር አይኖርም።

ትልቁ ጠላት ወረቀቱ ውስጥ ነው ያለው። ርካሽ ወረቀት ከእንጨት የሚመጣ ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለበት። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ያደርቀዋል። ጥጉን ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል እጅ ላይ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ክፍል፣ የማይዋዥቅ እርጥበት (ከ35 እስከ 50 በመቶ ገደማ) እና ከአሲድ ነፃ የሆነ ማኅደር ነው። የፕላስቲክ ከረጢት ከተፈለገ ፖሊስተር ይሁን። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ የራሱን ኬሚካል እየለቀቀ ቀለሙን ያበላሻል።

የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ማስለቀቁም የባለሙያ ሥራ ነው። ላሚኔት ማድረግም (በፕላስቲክ መሸፈንም) ያው ነው፤ አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። ክሊፕ ይዝጋል፣ ላስቲክ ቀልጦ ይጣበቃል። ግድግዳ ላይ መስቀል ለሚፈልግ ጥሩው መላ ቅጂውን ሰቅሎ ዋናውን ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስምና።

ስካን ሲደረግ ፊቱም ጀርባውም ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይነሳ፤ ጥቃቅን ጽሑፍ ካለው በ600። የመጽሔቱ ስም፣ የወጣበት ቀንና የገጹ ቁጥር ማኅደሩ ላይ በእርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ሊያልፍ ይችላል።